የእንግዴ ልጆቻችን ከቢጫው ከረጢት ወጥተው ለባሕሩ እንዲመለሱልን

ቀን፦ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2019

ለዋሉሪ ደሴቶች ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

አመልካች፦ ታሪማ ሁዲን፣ የልምድ አዋላጅ፣ ዕድሜ 63
አድራሻ፦ ቶሮፓሲ መንደር፣ ሦስተኛው የእንጨት ድልድይ፣ በባሕሩ ወገን የመጨረሻው ቤት

ጉዳዩ፦ የእንግዴ ልጅ ለወላጆች እንዳይሰጥ የተላለፈው ትእዛዝ እንዲነሳልን፣ በአዋላጅ ነርስ ላስትሪ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ወደ እኔ እንዲዞር፣ መልሱም ከኦክቶበር ሙሉ ጨረቃ በፊት እንዲደርሰን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ የማቀርበው አራተኛ አቤቱታዬ ነው። የመጀመሪያው ቴምብር አልተለጠፈበትም ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው ቴምብር ነበረው፤ በመንደሩ ሹም በኩል አልመጣም ተብሎ ተመለሰ። ሦስተኛው ቴምብርም ነበረው፣ በሹሙም በኩል አልፏል። እሱ ጭራሽ አልተመለሰም። «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚል ቃል ብቻ በሐሙሱ ጀልባ ነጂ አፍ ደረሰኝ፤ ጀልባ ነጂው ደግሞ የምን ጥናት እንደሆነ አያውቅም።

ደክሞኛል፤ ይህን ስጽፍ አልደብቅዎትም። ሆኖም በሦስቱ አቤቱታዎች ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ፣ እሱን ሳልናገር ደግሞ ጊዜው ሊያልቅብኝ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራ አቀርባለሁ።

1. መንደሩ የሚጠራኝ እምቦ ብሎ ነው፣ አያቴ እንደማለት። አርባ አንድ ዓመት አዋልጃለሁ። ከመንደሩ ሰው ግማሹ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ ያየው የእኔን ፊት ነው፤ ሁሉም እያለቀሱ የተወለዱት ለዚህ ነው እያሉ ይቀልዱብኛል። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በአርባ ሰባት ዓመቴ ስለሆነ ፊደሌ ትልልቅ ነው፤ ወረቀቱ የበዛው ለዚህ ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ። ካለፉት ዘጠኝ ዓመታት ወዲህ ብቻዬን አላዋልድም ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ «አጋር አዋላጅ» የሚል አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ ሰጥቶኝ ከአዋላጅ ነርስ ላስትሪ ጋር በጤና ጣቢያው ሠርቻለሁ። እሷ ታዋልዳለች፤ እኔ የወላዷን ወገብ እይዛለሁ፣ አወራታለሁ፣ ስትሰድበኝም እሰደባለሁ፣ ሁሉም ካበቃ በኋላ የእንግዴ ልጁን አጥባለሁ። የሥራ ክፍፍላችን ይኸው ነበር፣ በዚህም ተጣልተን አናውቅም።

2. እኛ ሳማዎች የባሕር ሰዎች ነን፤ ቤታችን ውሃ ላይ በምሶሶ የቆመ ነው። ለእኛ የእንግዴ ልጅ የሕፃኑ ታላቅ ነው፤ አብሮት ይመጣል፣ ነገር ግን የሚኖረው ባሕር ውስጥ ነው። አጥበን፣ ጨው ነስንሰን፣ በኮኮናት ቅል ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ከዚያ ባሕሩ ሞልቶ ሳይጎድል አባትየው ይዞት ይጠልቅና ከገዛ ቤቱ ምሶሶ ሥር፣ ድንጋዮቹ መሃል ያኖረዋል። ልጁ ሲያተኩሰው አባት ከደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ታላቅየውን ያነጋግረዋል፤ ታናሽህን ያዝልኝ፣ ወዳንተ አትጥራብኝ ይለዋል። ክቡርነትዎ በዚህ ይመኑ አልልም። የየብስ ሰው ግን «እትብቴ የተቀበረበት» ሲል ማንም አይስቅበትም። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእኛ አለመቀበሩ ነው፣ ይሰምጣል።

ጤና ጣቢያው የተሠራው ከድልድዩ ማዶ፣ የብስ ላይ ነው። ሲከፈት ማንም አልሄደም። እኔም አትሂዱ ከሚሉት አንዷ ነበርኩ፣ ይህንንም አልደብቅም። ላስትሪ ከጃቫ ደሴት ተመድባ ስትመጣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ታንኳ ላይ መቀመጥ እንኳ አታውቅም። ቤቴ ድረስ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ለምን እንደማይመጡ ጠየቀችኝ። የእንግዴ ልጃችን እዚያ ይቀርብናል ብለው ነው አልኳት። «እና ታጥቦ ቢመለስላቸውስ ይመጣሉ?» አለች። ይመጣሉ አልኳት። መጡም። ትእዛዙ ከመውጣቱ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ከሠላሳ ስምንት ወሊድ ሠላሳ አምስቱ ጤና ጣቢያ ነው የሆነው። ቁጥሩን የሰጠችኝ ላስትሪ ናት፣ የእናንተም መዝገብ ላይ አለ።

3. አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። ጁላይ 3 ቀን 2018 ጠዋት ሁለት ሴቶች በአንድ ሰዓት ውስጥ ወለዱ። ጁማራ ወንድ፣ ኑርሊያ ሴት። የጁማራ ባል ሳዳር ይባላል፣ የኑርሊያ ባል ካሊም። ሁለቱም የኮኮናት ቅላቸውን ይዘው ውጭ ቆመዋል፤ ባሕሩ ሞልቶ ሊመለስ ጥቂት ነበር የቀረውና እግራቸው መሬት አልረገጠም። ሁለቱ የእንግዴ ልጆች በሁለት አንድ ዓይነት የብረት ሳፋ ሆነው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ላስትሪ ኑርሊያን እየሰፋች ነበርና ቀና ሳትል «እምቦ፣ የመጀመሪያው የጁማራ ነው፣ ሁለተኛው የኑርሊያ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

የየብስ ሰው ክፍል ውስጥ ሲቆጥር ከበሩ ይጀምራል። ይህን ያወቅሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። እኛ ከባሕሩ ነው የምንጀምረው። የቤታችን የመጀመሪያ ምሶሶ በባሕሩ ወገን ያለው ነው፣ ምንጣፍ ላይ የመጀመሪያው ሰው በባሕሩ ወገን የተቀመጠው ነው፣ የሞቱ ሰዎቻችንን እንኳ ስንቀብር ከባሕሩ ወገን እንቆጥራለን። ስለዚህ በባሕሩ ወገን ያለውን ሳፋ አነሳሁና «ይህ የጁማራ ነው» ብዬ ለሳዳር ሰጠሁ፤ በበሩ ወገን ያለውን ለካሊም። ለአንድ አፍታ እንኳ አልተጠራጠርኩም። ሁለቱም ሮጡ፣ ጠለቁ፣ አኖሩ፣ እየሳቁ ተመለሱ።

4. ከሰዓት በኋላ ላስትሪ መዝገቡን ስትሞላ «እምቦ፣ እትብቱ ላይ ቋጠሮ እንደነበረ ለጁማራ ነገሩልኝ? እንዳትደነግጥ፣ ልጁ ደህና ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቋጠሮውን ያሳየሁት ለካሊም ነው። እንዲያውም ካሊም «የኔ ልጅ መርከበኛ ልትሆን ነው፣ ከሆድ ጀምራ ገመድ ትቋጥራለች» እያለ ድልድዩን ሙሉ ሲያወራ ውሎ ነበር። ላስትሪን አየኋት። እሷም አየችኝ። ሁለቱን ሳፋ አለዋውጬ ሰጥቼ ነበር።

የወረደ አይነሳም፤ ይህ የእኛ ሕግ ነው። ጠልቀን እንፈልገው ብንልም ባሕሩ ወስዶታል። ስለዚህ በካሊም ቤት ሥር ያለው የሳዳር ልጅ ታላቅ ነው፣ በሳዳር ቤት ሥር ያለው የካሊም ልጅ። ሳዳር ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጮኸ። ካሊም አልጮኸም፣ መረቡን ጠቅልሎ ቤቱ ገባ፣ ያ ደግሞ የባሰ ነበር። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ድልድይ መሄድ ተዉ።

5. በአርባ ሦስተኛው ቀን የካሊም ሕፃን ዊና አተኮሳት። ካሊም ከደረጃው ጫፍ ሊቀመጥ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። እዚያ ያለው የእሷ ታላቅ አይደለም። ታንኳውን ፈትቶ ወደ ሳዳር ቤት ቀዘፈ። እኔ ሕፃኗን አቅፌ አብሬ ነበርኩና ያየሁትን ነው የምጽፈው። ከደረጃው ሥር ሆኖ «ሳዳር፣ ልጄ ታማብኛለች፣ ደረጃህ ላይ ልቀመጥ?» አለ። ሳዳር ብቅ ብሎ ሕፃኗን አየ። «አንዱ እንጨት በስብሷል፣ በዚህ በኩል ተቀመጥ» አለው። እሱም ወርዶ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ሁለቱም እግራቸውን ነከሩ። ዊናን ወዲያው ላስትሪ ዘንድ ወሰድናት፣ መድኃኒት ሰጠቻት፣ ዳነች። ማን እንዳዳናት እኛ አንከራከርም።

ከዚያ በኋላ የሳዳር ልጅ ሪፋል ሲታመም ሳዳር ወደ ካሊም ቤት ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሁለቱ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፣ መቼም አይጋቡም ብለው ወሰኑ። ዛሬ ሁለቱ ቤቶች ዓሣ ተካፍለው ይበላሉ፤ ሁለቱ ልጆች መራመድ የጀመሩት በአንድ ወለል ላይ ነው። ጁማራ «አንድ ልጅ ልወልድ ሄጄ ሁለት ይዤ ተመለስኩ» ትላለች። የእርቁ ወረቀት ተያይዟል። ጠቡ አርባ ሦስት ቀን ቆየ። ትእዛዛችሁ አሥራ ሦስት ወር አልፎታል።

6. ትእዛዙ እንዴት እንደመጣ ያውቃሉ። ላስትሪ በወርኃዊ ሪፖርቷ «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ቦታ የሆነውን ጻፈች። ማንም አላስገደዳትም፣ ባትጽፈው ማንም አያውቅም ነበር። ኦገስት 6 ቀን 2018 መልስ መጣ፦ ከእንግዲህ ማንኛውም የእንግዴ ልጅ ተላላፊ ቆሻሻ ነው፤ በቢጫ ከረጢት ታስሮ፣ ተመዝኖ፣ በሐሙሱ ጀልባ ወደ ወረዳው ከተማ ሄዶ ይቃጠላል። ለላስትሪም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ አንድ ጊዜ ከደገመች የሥራ ፈቃዷን ታጣለች።

ይቃጠላል። የባሕር ሰው ለሆነው ልጅ እሳት። ትእዛዙን የጻፈው ሰው ይህን አስቦ እንዳልጻፈ አምናለሁ፤ ምናልባት ጠረጴዛው ላይ ሌላ አሥር ወረቀት ነበረ።

አሁን ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ላስትሪ በሪፖርቷ ላይ «ስህተቱ የእኔ ነው» ብላለች። የእሷ አልነበረም። እሷ በየብስ ቋንቋ ትክክለኛውን ነግራኛለች፤ ሰምቼ ሳልጠይቅ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሪፖርቱን ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ። «እምቦ፣ የእርስዎን ስም ልጻፍ?» አለችኝ። መታወቂያዬን በእጄ ይዤው ነበር፣ አስታውሳለሁ። ከተነጠቅሁ ሴቶቹ ምን ይሉኛል፣ በስተርጅና እንዲህ ልዋረድ ብዬ «አትጻፊው ልጄ» አልኳት። እሷም አልጻፈችም። ባለፉት ሦስት አቤቱታዎች ላይ «ስህተት ተፈጠረ» ብዬ አለፍኩት፤ ማን እንደፈጠረው አልነገርኳችሁም። አፍሬ ነበር። አሁንም አፍራለሁ፣ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር መጥቶብኛል።

7. ከትእዛዙ በኋላ ሃያ ዘጠኝ ሴቶች ወልደዋል። ጤና ጣቢያ የሄዱት ስድስት ናቸው። ሌሎቹን ያዋለድኩት እኔ ነኝ፣ በየቤታቸው፣ ብቻዬን። እምቢ ብል ያለማንም ይወልዳሉ፣ እንዴት እምቢ እላለሁ? አብዛኞቹ ደህና ሆኑ። ሰው እጄን ያመሰግናል፣ ዓሣ ያመጣልኛል። እኔ ግን ለዘጠኝ ዓመት ከላስትሪ አጠገብ ቆሜ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ካየሁ በኋላ ደግሞ እንዳላየሁ መሆን አልችልም።

ባለፈው ማርች ዳሊማ የምትባል ሴት ሦስተኛ ልጇን ወለደች። ረፋድ ላይ ነበር፣ ቀላል ወሊድ፣ እየሳቀች ነው የወለደችው። የእንግዴ ልጁም ሙሉ ሆኖ ወጣ። ደሙ ግን አልቆመም። ማህፀኗን አሸሁ፣ ተጫንኩ፣ ጡት እንድታጠባ አደረግሁ፣ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ከቤቷ እስከ ጤና ጣቢያው አንድ ሲጃራ አጭሰው ሳይጨርሱ የሚደረስ መንገድ ነው። ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። ባሏን ሮጠህ ላስትሪን ጥራ ያልኩት ከሚገባው ዘግይቼ ነው፤ ምን ያህል እንደዘገየሁ አላውቅም፣ በየቀኑ አሰላዋለሁ። ላስትሪ ደም የሚያቆመውን መርፌ ይዛ በባዶ እግሯ እየሮጠች ደረሰች። ዳሊማ አልጠበቀቻትም።

የብስ ላይ ቀበርናት። ከእኛ ወገን የብስ ላይ የሚኖሩት የሞቱት ብቻ ናቸው። በእናንተ መዝገብ «የቤት ውስጥ ወሊድ፣ የእናት ሞት፣ አንድ» ተብሎ ተጽፏል፤ ላስትሪ አሳየችኝ። ሕፃኑ በሕይወት አለ፣ አክስቱ ታጠባዋለች። ታላቁም ከቤታቸው ሥር በሰላም ተቀምጧል። ሁሉም ደንቡን ጠብቆ ተደርጓል፣ እናቱ ብቻ የለችም።

8. በሜይ ወር ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ ነበር። ትሁት ልጅ ነው፤ ባለሞተር ጀልባው አንገላቶት ፊቱ ገርጥቶ ወረደ፣ ሴቶቹ የዝንጅብል ውሃ አጠጡት። ከዚያ የተውሳክ ሥዕል ዘርግቶ አስተማረን። ሁሉም አዳመጡት። ሲጨርስ ጁማራ እጇን አወጣች።

«የኔ ወንድም፣ አንተ ስትወለድ የእንግዴ ልጅህን የት አደረጉት?»

«እናቴ ቤት፣ ጓሮ ውስጥ... አባቴ ነው የቀበረው» አለ።

«እንዲሁ ቀበረው?»

«መብራት አኖረበት። በእኛ አገር እንዲህ ነው፣ እንዳይጨልምበት።»

«አላቃጠለውም?»

«ኧረ ምን በወጣው!»

«ታዲያ የኛ ምን በደለህ?» ስትለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ ሥዕሉን ጠቀለለ። ሲሄድ ለአለቃዬ እነግራለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኛል። ነግሮዎት ይሆናል። ካልነገረዎትም እንዳይቆጡት፤ ጥሩ ልጅ ነው።

(ቁጥሩ የትኛው ላይ እንደደረሰ ጠፍቶብኝ ወደ ኋላ ተመልሼ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ነው።)

9. አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ወንድ ልጄ ባድሩን፣ ሃርሚን የምትባል ሚስት አለችው። ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጇን ኢልፋንን በጤና ጣቢያው ስትወልድ ደሟ ልክ እንደ ዳሊማ ፈሰሰ። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ላስትሪ በአንድ እጇ መርፌውን ወጋች፣ በሌላው ማህፀኗን ያዘች፣ ከቀበቶዋ በላይ በደም ተነከረች፣ ግን አዳነቻት። «እምቦ፣ ይህቺ ሴት ከእንግዲህ ከእኔ ርቃ እንዳትወልድ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ሃርሚን አሁን የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ላስትሪ በቀን መቁጠሪያዋ ቆጥራ ኦክቶበር 14 አለች፤ እኔ በባሕሩ ቆጥሬ በሙሉ ጨረቃው ሙላት አልኩ። ቀኑ አንድ ነው።

ሃርሚን አልሄድም አለች። ለመንኳት። ባሏ ለመናት፣ ተቆጣትም። «ለኢልፋን ታላቅ ባሕር፣ ለዚህኛው እሳት? ሲያድግ ምን ብዬ ነው የምነግረው?» ትላለች። ልጅቷ ግትር አይደለችም፣ በሌላ በሌላው እሺ ባይ ናት። በዚህ ግን አትነቃነቅም። ዳሊማን አስታወስኳት። አለቀሰች፣ እጄን ያዘችና «አንቺ እያለሽ ምን እሆናለሁ፣ እምቦ?» አለችኝ።

ሁሉም የሚሉኝ ይህንኑ ነው። አንቺ እያለሽ። ዳሊማም ብላኝ ነበር።

ትእዛዙን በድብቅ መጣስም አስቤ አውቃለሁ። በጁን ወር ከስድስቱ አንዷ ስትወልድ የዓሣ ቅርጫቴን ይዤ ገባሁ። ላስትሪ ቅርጫቱን አየችው፣ ገባት። ቢጫውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «እምቦ፣ ጀርባዬን ላዙርልዎት?» አለች። ከረጢቱ ላይ የታሰረው ወረቀት የእሷ ስም አለበት፤ ከረጢቱ ቢጎድል የምትባረረው እሷ ናት። አንድ ጊዜ በእኔ ምክንያት ስሟ ቆሽሿል። ተዪው ልጄ ብዬ ባዶ ቅርጫቴን ይዤ ወጣሁ። ብትባረር ለሃርሚንም፣ ለማንም መርፌውን የሚይዝ አይኖርም።

10. ስለሆነም በአክብሮት የምለምነው ይህን ነው።

ትእዛዙ ለቶሮፓሲ ጤና ጣቢያ ይነሳልን፤ ታጥቦ፣ በጨው ታሽቶ፣ በተከደነ የኮኮናት ቅል ለአባትየው ይሰጥ፣ አባትየውም መዝገብ ላይ ይፈርም። ላስትሪ ይህኛው በሽታ አለበትና አይሆንም ካለች አይሆንም፤ የእሷን ቃል ሴቶቹ ይቀበላሉ፣ ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል። እንዳይምታታ ደግሞ ከእንግዲህ መጀመሪያና ሁለተኛ ብለን አንቆጥርም። እያንዳንዷ ሴት ከገዛ ሽርጧ ጠርዝ ቁራጭ ቀዳ ትመጣለች፤ ጨርቁ ሳፋው ላይ ይታሰራል፣ ከሳፋው ወደ ቅሉ ይዛወራል። የራሷን ሽርጥ የማታውቅ ሴት የለችም፣ የሚስቱን ሽርጥ የማያውቅ ባልም ካለ ይምጣና እናስተምረዋለን።

በላስትሪ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ይሰረዝና በእኔ ስም ይጻፍ። መታወቂያዬን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ቅጣት ካለውም እቀበላለሁ። ያለ መታወቂያም ወገብ መያዝ እችላለሁ።

ሌላው ሁሉ ጊዜ ይወስዳል ከተባለ፣ በጥናት ላይ ነው ከተባለም፣ ይሁን፣ ይጠና። ጥናቱ እስኪያልቅ ግን ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለሃርሚን፣ የአንድ ቀን ፈቃድ ይጻፍልን። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሙሉ ጨረቃው አምስት የሐሙስ ጀልባ አለ። በማናቸውም ቢመጣ ይደርሳል። እኔ በየሐሙሱ ድልድዩ ጫፍ ላይ ነኝ፣ ጀልባ ነጂው ያውቀኛል።

ክቡር ሆይ፣ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ሰው ከእጄ እንዲወጣ ለምኜ አላውቅም፤ ሌላ ሰው ሲነካብኝ ነበር የምቆጣው። አሁን የምለምነው ግን እሱን ነው። በባሕሩ ሙላት ቀን ሃርሚን «አንቺ እያለሽ» ብላ ወለሉ ላይ ትተኛለች፣ እኔም እምቢ አልልም፣ ከአጠገቧ እንበረከካለሁ። እባክዎ እሷን ለእኔ እጅ ብቻ አይተዉብኝ። እጄን አውቀዋለሁ።

ከድካምና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ታሪማ ሁዲን
(ፊርማና የቀኝ እጅ አውራ ጣት አሻራ)

ግልባጭ፦
ለአዋላጅ ነርስ ላስትሪ፤ ይህን መጻፌን እስካሁን አታውቅም፣ ብታውቅ «እምቦ፣ ስድስተኛውን ቁጥር ያውጡት» ትለኝ ነበር።

አባሪ፦
— በካሊምና በሳዳር የተፈረመ የእርቅ ወረቀት፣ አንድ ገጽ።
— በስሜ የተሰጠ የአጋር አዋላጅ መታወቂያ፣ አንድ፣ ከነማንጠልጠያው።
— ከሃርሚን ሽርጥ ጠርዝ የተቀደደ ሰማያዊ ጨርቅ፣ አንድ ስንዝር። ራሷ ቀዳ ነው የሰጠችኝ፤ «እሺ ብለው ከመለሱልሽ እሄዳለሁ» ብላለች። መልሱ እሺ ከሆነ ከደብዳቤው ጋር ይላክልን፣ ማሰሪያው እሱ ነው። መልሱ አይሆንም ከሆነም ይላክልን፤ ያላት ሽርጥ አንድ ነው፣ መልሼ እሰፋላታለሁ።